አራት አማቾች፣ አንድ አባትና 12 ሚሊዮን ትኬት፦ በዘረኞች መሳቅ ወይስ ከዘረኞች ጋር መሳቅ?

አንድ የፈረንሳይ ኮሜዲ ፊልም አለ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «እግዜርን ምን በድለነው ነው?» እንደ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ፊሊፕ ደ ሾቭሮን ይባላል። በኤፕሪል 2014 ሲኒማ ቤት ገባ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈረንሳይ ውስጥ ብቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠለት። የዓመቱ አንደኛ ፊልም ሆነ። ጀርመኖችም በሚሊዮን ቆጥረው አዩት።

ወራት አለፉና ለ ፑዋን የተባለው የፈረንሳይ መጽሔት አንድ ዜና ይዞ ወጣ። የእንግሊዝና የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን ለማሳየት ፍላጎት የላቸውም፤ ዘረኛ ይባልብናል ብለው ፈርተዋል የሚል። የፊልሙ ወዳጆች መልስ አጭር ነበር። እንዴ! ፊልሙ እኮ ዘረኞች ላይ ሙድ የሚይዝ ነው! እናንተ ቀልድ አይገባችሁም እንጂ።

ክርክሩ ለፈረንሳዮች አዲስ አልነበረም። በ2011 «ኢንቱሻብል» የሚባል፣ ስለ አንድ ሽባ ነጭ ሀብታምና ስለ ጥቁር አስታማሚው የሚተርክ ፊልም ወጥቶ ከ19 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጧል። ጥቁሩ ተዋናይ ኦማር ሲ በዚያ ፊልም የፈረንሳይን ትልቁን የሲኒማ ሽልማት፣ የ2012ን ሴዛር፣ በምርጥ ወንድ ተዋናይነት ወሰደ። ከጥቁሮች እሱ የመጀመሪያው ነው። ቫራይቲ የተባለው የአሜሪካ የሲኒማ መጽሔት ሃያሲ ግን ፊልሙን አፈር ድሜ አበላው። ነጩን ለማዝናናት የሚደንስ ጥቁር፣ ያረጀ ያፈጀ ዘረኝነት ነው አለ። ፓሪስ እያለቀሰ የሳቀበትን ኒው ዮርክ ፊቱን አኮሳትሮ አየው።

እንግዲህ ወደ 2014ቱ ፊልም እንመለስ። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ክሎድና ማሪ ቬርኔይ ሺኖን በምትባል፣ ሏር ሸለቆ ውስጥ ባለች ጥንታዊ ከተማ ይኖራሉ። ሀብታም፣ ካቶሊክና ወግ አጥባቂ ናቸው። ክሎድ ኖተር ነው፤ እኛ አገር ውልና ማስረጃ የሚሠራውን ዓይነት ሥራ በግሉ የሚሠራ ሰው። የቀድሞውን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልን ያመልካል። አራት ሴት ልጆች አሉት። አንዷ አረብ አገባች። አንዷ አይሁዳዊ አገባች። አንዷ የቻይና ተወላጅ አገባች። አባትና እናት በየሠርጉ ፈገግ ለማለት ይሞክራሉ፤ ውስጣቸው ግን ያራል። ተስፋቸው ሁሉ በመጨረሻዋ ልጅ በሎር ላይ ቀረ። አንድ ቀን ሎር የምስራች አለች። ልታገባ ነው። ሰውየው ካቶሊክ ነው። ስሙም ሻርል ነው፤ የደ ጎል ሞክሼ! ወላጆች በደስታ ሰከሩ። ከዚያ ሻርል መጣ። የኮት ዲቩዋር ልጅ ነው። ጥቁር ነው።

እኔም ስቄያለሁ፤ ምን ይደበቃል። ማሪ ለገና ሦስት ተርኪ የምታዘጋጅበት ቦታ አለ። አንዱ ለሙስሊሙ ሐላል፣ አንዱ ለአይሁዱ ኮሸር፣ አንዱ ለቻይናው በአገሩ አሠራር። ሴትዮዋ ከልቧ ነው የምትለፋው። ሦስቱ አማቾች እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጭነው የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር ሲያንቆረቁሩ ደግሞ ክሎድ ሆዱ ይባባል። ክርስቲያን ክላቪየ ይህን ሰውዬ ሲጫወተው አለመሳቅ ይከብዳል። ጥርስ ባዳ ነው።

ጥያቄው ግን ሳቅን ወይስ አልሳቅንም አይደለም። ፊልሙ ዘረኝነትን ምን አድርጎ አሳየን? ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው መጀመር የነበረበት። ሁለቱም ወገኖች ግን ስድቦቹን በመቁጠር ተጠመዱ። አንዱ ወገን «ይሄ ይሄ ተብሏል» ይላል። ሌላው «ለሁሉም እኮ ነው የተባለው» ይላል።

የፊልሙ ዋና መከላከያ ይህ ሁለተኛው ነው። ሁሉም ተነክቷል። አረቡ አይሁዱን ይሸነቁጣል። አይሁዱ አረቡን። ሁለቱ ቻይናውን። ሦስቱ ደግሞ ጥቁሩ ወደ ቤተሰቡ እንዳይገባ ይዶልታሉ። የሻርል አባትም በተራው ነጭ ምራት አልፈልግም ይላል። ንጹሕ ሰው የለም። ስለዚህ የተበደለ ሰው የለም።

ሒሳቡ ያምራል። ግን ሁሉም እኩል ዘረኛ ከሆነ ዘረኝነት የጠባይ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። እንደ ማንኮራፋት ያለ ነገር ይሆናል፤ ያሳፍራል፣ ይረብሻል፣ ግን የማይገኝበት ቤት የለም፣ ማንንም አይገድልም። ፊልሙ ውስጥ ዘረኝነት ያለው አፍ ላይ ብቻ ነው። ራሺድ የተሰኘው አረብ ጠበቃ ነው። ቻይናው ቻው የባንክ ሰው ነው። በዘሩ ምክንያት ቤት የማይከራይለት፣ ሥራ የሚከለከል፣ መታወቂያ አምጣ እየተባለ በየመንገዱ የሚፈተሽ አማች የለም። ከባዱ ችግር የምሳ ጠረጴዛ ላይ የሚያመልጥ ቃል ነው። እሱም በይቅርታና በወይን ይታጠባል።

ከሲኒማ ቤቱ ውጭ ያለችው ፈረንሳይ ሌላ ናት። የአገሪቱ የመብት ጠባቂ ተቋም፣ እኛ እምባ ጠባቂ የምንለው ዓይነት ነው፣ በጃንዋሪ 2017 አንድ ጥናት አውጥቷል። ጥቁር ወይም አረብ ተብለው የሚታዩ ወጣት ወንዶች በፖሊስ የመፈተሽ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 20 እጥፍ ነው ይላል። ይህ ማንም ምንም ስድብ ሳይናገር የሚፈጸም ነገር ነው። ፖሊሱ «አንተ» ሳይሆን «እርስዎ» እያለ ሊፈትሽህ ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር። ፊልሙ በወጣ በስድስተኛው ሳምንት፣ ሜይ 25 ቀን 2014፣ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ተካሄደ። የማሪን ለ ፔን ቀኝ አክራሪ ፓርቲ፣ ብሔራዊ ግንባር፣ ሩብ ያህሉን ድምፅ ወስዶ ከፈረንሳይ ፓርቲዎች አንደኛ ወጣ። በአገር አቀፍ ምርጫ አንደኛ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ከ4 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው መርጦታል። ፊልሙ ነው ያስመረጠው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ መከራከር ሞኝነት ነው። ግን ሲኒማ ቤቱን ያጣበቡት ሰዎችና ያንን ወረቀት ሳጥን ውስጥ የከተቱት ሰዎች ጨርሶ አይተዋወቁም ብሎ መማልም ይከብዳል። ፊልሙ ለሁለቱም ወንበር አለው። ክሎድን አይቶ «አይ ይሄ ሽማግሌ» ብሎ የሚስቅበት አለ። ክሎድን አይቶ «እውነቱን ተናገረልኝ» ብሎ የሚስቅም አለ። ፊልሙ ሁለተኛውን ሰውዬ አንድም ጊዜ አያስደነግጠውም።

እስቲ ከሌላ ፊልም ጋር እናስተያየው። ሜል ብሩክስ በ1974 የሠራው «ብሌዚንግ ሳድልስ» የሚባል የካውቦይ ኮሜዲ አለ። የስድቡ መዓት ከፈረንሳዩ ጋር አይወዳደርም። ጥቁሮችን የሚያዋርደው ያ አስቀያሚ ቃል በየደቂቃው ይወረወራል። በስድብ ብዛት ከሆነ የምንፈርደው፣ ይህ ፊልም ገና ድሮ መታገድ ነበረበት።

ታሪኩን ግን እዩት። አንድ ሌባ ባለሥልጣን የባቡር ሐዲድ የሚያልፍበትን መሬት ይፈልጋል። መሬቱ ላይ ነጮች የሰፈሩባት ትንሽ ከተማ አለች። ሕዝቡን እንዴት ያስለቅቅ? ጥቁር ሸሪፍ ሾመባቸው። ይጣላሉ፣ ከተማዋ ትፈርሳለች፣ መሬቱን በነጻ እወስዳለሁ ብሎ አሰላ። እዚህ ፊልም ውስጥ ዘረኝነት ሥራ አለው። ማን እንደሚጠቀምበት ይታያል። መሬት አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ሥልጣን አለ። ሰፋሪዎቹ ደግሞ የሚጠሉት ሰው ሊያድናቸው የመጣ መሆኑ የማይገባቸው ቂሎች ናቸው።

አንዱን ትዕይንት ልንገራችሁ። ሸሪፍ ባርት ከተማዋ ሲገባ ሕዝቡ ጠመንጃ ይደግንበታል። ባርት ምን ያደርጋል? የራሱን ሽጉጥ አውጥቶ ራሱ ላይ ይደግናል። ማንም ቢነቃነቅ ይህን ጥቁር እገድለዋለሁ ይላል። ሰዎቹ ደነገጡ። ወይኔ፣ እንዳትነቃነቁ፣ የምሩን ነው! ባርት ራሱን በራሱ አግቶ፣ አንዴ እንደ አጋች አንዴ እንደ ታጋች እየሆነ ቢሮው ገባ። ሰዎቹ ሰውየውን አላዩትም። ያዩት በጭንቅላታቸው ይዘውት የዞሩትን አስፈሪና ምስኪን ጥቁር ነው። እሱ ደግሞ በዚያው አታለላቸው። በፊልሙ ሁሉ ከባርት የሚበልጥ ብልህ የለም። ስክሪፕቱን ከጻፉት አንዱ ጥቁሩ ኮሜዲያን ሪቻርድ ፕራየር መሆኑም ያስታውቃል። ብሩክስ ባርትን ራሱ ፕራየር እንዲጫወተው ይፈልግ ነበር፤ ስቱዲዮው ሰውየው አያስተማምንም ብሎ እምቢ አለና ክሊቨን ሊትል ተጫወተው።

የፈረንሳዩ ፊልም እንዲህ ዓይነት ዕድል አጥቶ ነበር? አላጣም። አንድሬ ኮፊን ይዟል።

አንድሬ የሻርል አባት ነው። ተዋናዩ ፓስካል ንዞንዚ ይባላል፤ ለእኔ የፊልሙ ጌታ እሱ ነው። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ቤቱን እንደ ጦር ሰፈር ነው የሚያስተዳድረው። ነጮች አፍሪካን ዘርፈዋል ይላል፤ ልጁ ከነጭ ጋር መጋባቱ ያንገበግበዋል። ሺኖን የሚመጣውም ጥርሱን ነክሶ ነው።

ቆም ብለን እናስብ። በ2014 ጡረታ የወጣ የኮት ዲቩዋር ወታደር ምን አይቶ ይሆን? በኖቬምበር 2004 የአገሩ የጦር አውሮፕላኖች ቡዋኬ ከተማ የነበረን የፈረንሳይ ጦር ሰፈር ደበደቡ። 9 የፈረንሳይ ወታደሮች ሞቱ። ፈረንሳይ በአጸፋው የኮት ዲቩዋርን አየር ኃይል ወዲያው አወደመችው። አቢጃን በተቃውሞ ታመሰች። የፈረንሳይ ወታደሮች ሰልፈኞች ላይ ተኮሱ፤ ሰዎች ሞቱ። በ2011 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሎራን ባግቦ ከሥልጣን ወርደው ሲያዙ የፈረንሳይ ጦር ከባላንጣቸው ወገን ነበር። አንድሬ ይህን ሁሉ በወታደር ዓይን ያየ ትውልድ ነው። ቁጣው ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልግም።

ፊልሙ ግን ይህን ቁጣ ከክሎድ ቁጣ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አስቀመጠው። አንዱ ጥቁር አማች አልፈልግም አለ። ሌላው ነጭ ምራት አልፈልግም አለ። ተካካሱ! ሁለቱ አባቶች ዓሣ ሊያጠምዱ ሄዱ፤ ጠጡ፤ ሰከሩ፤ ረበሹ፤ ፖሊስ ጣቢያ ገቡ። ወዳጅ ሆነው ወጡ። ጥቁሩም ነጩም በእኩል ይታሰራሉ፣ በእኩል ይፈታሉ። አሳዛኝ ድራማ ይሥሩ እያልኩ አይደለም። ሜል ብሩክስ ቢሆን ከዚህ ሁለት ወታደራዊ ቀልድ አያጣም ነበር። ክሎድ እኮ ደ ጎልን የሚያመልክ ሰው ነው! ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ደግሞ ፈረንሳይ አፍሪካ ውስጥ የሠራችውን የሚቆጥር ሽማግሌ ነው። ይህን ይዞ ዓሣ ማጥመድ ምን የሚሉት ስንፍና ነው?

ታዲያ እንደ «ብሌዚንግ ሳድልስ» ያለ ፊልም ከሐሜት ያመልጣል ማለት ነው? እሱም አያመልጥም። ምክንያቱም ተመልካች የሚባል ፍጡር አለ።

በዚያው በ1974 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች፣ አንድ ጥናት አሳተሙ። ስለ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ነው፤ ከ1971 ጀምሮ በሲቢኤስ ይተላለፍ ስለነበረው ታዋቂ የአሜሪካ ኮሜዲ። ዋናው ገጸ ባሕርይ አርቺ ባንከር ጥቁሩንም አይሁዱንም ሴቱንም የሚሳደብ ነጭ ሠራተኛ ነው። አዘጋጁ ኖርማን ሊር ይህን ሰውዬ የፈጠረው እንዲሳቅበት ነው። ተመራማሪዎቹ የአሜሪካ ወጣቶችንና የካናዳ ጎልማሶችን ጠየቁ። ጭፍን ጥላቻቸው ዝቅ ያለ ሰዎች አርቺ ላይ ይስቃሉ። ጥላቻቸው ከፍ ያለ ሰዎች ግን አርቺን ያደንቃሉ፤ በክርክሩም የሚያሸንፈው እሱ ነው ብለው ያያሉ። ያው ፕሮግራም፣ ያው ቀልድ፣ ሁለት ሳቅ።

ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶች ነገሩን ጠጋ ብለው አይተውታል። ቶማስ ፎርድ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በሴቶች ላይ የሚቀለዱ ቀልዶችን መረመረ። ቀልዱ ደህናውን ሰው ጥላቻ አያስተምረውም። ድሮም ጥላቻ ያለበትን ሰው ግን ያፍታታዋል። እንዲህ ያሉ ወንዶች ቀልዱን ከሰሙ በኋላ ለሴቶች ድርጅት ለመስጠት የሚፈቅዱት መዋጮ ቀነሰ። እዚህ ቦታ ይህ ይፈቀዳል የሚል ምልክት ያገኙ ይመስላል።

ኮሜዲያኑ ዴቭ ሻፔል ይህን በአንድ ሳቅ ነው የተረዳው። በ2005 በ50 ሚሊዮን ዶላር የተፈራረመውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጥሎ ደቡብ አፍሪካ ገባ። ሰው ሁሉ አብዷል አለ። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ስለ ጥቁሮች የሚነገረውን ፍረጃ የሚያሾፍ ትዕይንት እየቀረጹ ሳለ አንድ ነጭ ሰው የሳቀው ሳቅ አላማረውም። ከእኔ ጋር ሳይሆን በእኔ እየሳቀ ነው ብሎ ጠረጠረ። ሻፔል የጻፈው ቀልድ ስላቅ ነበር። የዚያ ሰውዬ ሳቅ ግን ሌላ ነገር ነበር።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከ1984ቱ ረሃብ ወዲህ አሜሪካ ያደጉ የሐበሻ ልጆች የረሃብ ቀልድ ሲወርድባቸው ነው የኖሩት። በ1997 «ሳውዝ ፓርክ» የሚባለው የካርቱን ኮሜዲ አንድ ክፍል አሳየ። ትንንሽ አሜሪካውያን ልጆች በነጻ የሚሰጥ የእጅ ሰዓት ለማግኘት ብለው የተራበ ሕፃን ስፖንሰር ያደርጋሉ። በስህተት ኢትዮጵያዊው ልጅ ራሱ ተልኮ ይመጣል። «ስታርቪን ማርቪን» ብለው ስም ያወጡለታል፤ ጠኔያሙ ማርቪን እንደ ማለት። በቴሌቪዥን ለተራቡት የምትማጸነው ዝነኛ ተዋናይት ምግቡን ለብቻዋ ስትሰለቅጥ ትገኛለች። ሐሳቡ ሲታይ ጥርት ያለ ስላቅ ነው። የተመታው የጠገበው አሜሪካዊ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ልጅ ከሁሉም የተሻለ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የቀረው ግን ስሙ ብቻ ነው። ቀጠን ያለ ሐበሻ ልጅ ሲያልፍ የሚጮህ ስም። በ90ዎቹ መጨረሻ እዚያ የተማረ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት።

ስለዚህ ፈጣሪው ምን አሰበ የሚለው ብቻውን አያዋጣም። ተመልካቹ ምን ተረዳ የሚለውም ብቻውን አያዋጣም፤ እንዲያማ ከሆነ አንድም ስላቅ ሊጻፍ አይችልም። መካከል ላይ የምንይዘው ነገር ፊልሙ ራሱ ነው። ፍረጃውን ይዞ መጥቶ አፈረሰው ወይስ ይዞ መጥቶ እንዳለ መለሰው? ባርት ፍረጃውን መሣሪያ አድርጎ ፈራጆቹን አሞኘበት። የክሎድ አማቾች ግን ፊልሙ ሲያልቅም ያው ናቸው። ቻይናው ገንዘብ ይወዳል፤ አይሁዱ ነጋዴ ነው፤ አረቡ ቶሎ ይቆጣል። ልዩነቱ አሁን ተዋደዋል።

ቻይናው ገንዘብ አለው የሚለው ፍረጃ ደግሞ በተለይ የዋህ ይመስላል። ምርቃት የሚመስል ስድብ ነው። በኦገስት 2016 ከፓሪስ ዳር ባለችው ኦቤርቪሊየ አንድ ትውልደ ቻይናዊ ልብስ ሰፊ በዘራፊዎች ተደብድቦ ሞተ። አጥቂዎቹ የመረጡት ቻይናውያን ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዘው ይዞራሉ በሚል እምነት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የእስያ ተወላጆች ፓሪስ ላይ ሰልፍ ወጡ። ፍርድ ቤቱም የዘረኝነት ጥቃት መሆኑን ተቀበለ። ቻውን የተጫወተው ፍሬደሪክ ሾ በቬትናም የተወለደ፣ ወላጆቹ ከካምቦዲያ የመጡ ቻይናውያን የሆኑ ፈረንሳዊ ነው። በ2019 «ሜድ ኢን ቻይና» የሚል ሌላ ኮሜዲ በጋራ ጽፎ ራሱ ተውኖበታል። በዚያኛው ቻይናው ለጠረጴዛ ማሟያ የመጣ አማች አይደለም፤ ባለ ታሪክ ነው።

በዚያው በ2019 የቬርኔይ ቤተሰብ ሁለተኛ ክፍል ወጣ። እዚህ ላይ ፊልሙ ራሱን ያጋለጠ ይመስለኛል። አራቱ አማቾች ፈረንሳይ ሰልችታናለች ይላሉ። ጠበቃው ራሺድ የሙስሊም ሴቶች መሸፋፈኛ (ቡርቃ) ክስ ብቻ እየመጣለት መሮታል። ተዋናዩ ሻርል ለጥቁር የሚሆን ሚና የለም እያለ ያማርራል። ቻው እስያዊ ይደበደባል ብሎ ይፈራል። አይሁዳዊው ዳቪድ ንግዱም ጥላቻውም አስመርሮታል። አልጄሪያ፣ ህንድ፣ ቻይና፣ እስራኤል ልንሄድ ነው አሉ። በመጨረሻ፣ ከአፍ ያለፈ ችግር መጣ ማለት ነው። ክሎድና ማሪ ምን አደረጉ? አማቾቻቸውን ሰብስበው የሏርን ቤተ መንግሥቶች አስጎበኟቸው፤ ጥሩ ወይን አቀመሷቸው። አማቾቹም ቀሩ።